9 ከ30

ልጄን ዩኒቨርሲቲ ከሸኘናት ሁለት ወር አለፍ ብሎ ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ቀጥላ ምን ወጥ እንደተሠራ። ያን ማታ ግን ሁለቱንም አልጠየቀችም።

«እማ፣ የፊዚክስ ሚድ ውጤት ወጥቷል።»

«እሺ?»

«9 ከ30 ነው ያመጣሁት።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ነገር «ላይብረሪ አትገቢም እንዴ?» የሚል ነበር። ዝም አለችኝ። ትንሽ ቆይታ «በይ ደህና እደሪ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እኔ ግን ደህና አላደርኩም።

ይህቺ ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከ3ኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም። ሰርተፍኬቶቿ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ የመጣ ጊዜ አባቷ በግ አርዶ ዘመድ ጠራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩም በዕድሩም ስሟ «ኢንጂነሯ» ሆነ። ገና አንድ ኮርስ እንኳን ሳትጨርስ!

በሴሚስተሩ ዕረፍት ስትመጣ ከስታ ነበር። ሁለት ቀን አስተኝቼ፣ አብልቼ፣ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ «እስኪ ያንን ፈተና አሳዪኝ» አልኳት። የጠየቅኳት ልቆጣት አልነበረም፤ ምን እንደገጠማት ማወቅ ፈልጌ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከፊዚክስ ጋር ከተለያየን ዘመን የለውም። እሷ ግን ደብተሯን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እንደ ታናሽ ወንድሟ ታስረዳኝ ጀመር።

ጥያቄው በተዳፋት ላይ በገመድ ስለሚጎተት ሳጥን ነው። መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች በሙሉ በቀስት መሳል ያስፈልጋል፤ ክብደቱን፣ የገመዱን ጉተታ፣ ሰበቃውን፣ ተዳፋቱ ሳጥኑን መልሶ የሚገፋበትን ኃይል። ከዚያ ክብደቱን ለሁለት መክፈል፤ አንዱን በተዳፋቱ አቅጣጫ፣ ሌላውን ወደ ተዳፋቱ በሚጫነው አቅጣጫ። ቀመር የሚገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መልሱ ገጽ ተኩል ፈጅቷል። የእሷ ወረቀት ላይ ግን ቀመሩ ከላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት መስመር፣ ከዚያ ባዶ።

«ኢንትራንስ ላይ እኮ ምርጫ ነበረኝ» አለችኝ። «ካልገባኝ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ የሚሆነውን አገኘዋለሁ። እዚህ ባዶ ወረቀት ነው የሚሰጡሽ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።»

ይህን ስትል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ምርጫ እያስገቡ ማግኘትን ያስተማራት ቤት ድረስ የሚመጣው አስጠኚ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሁለት ዓመት። «ጎበዝ ነው፣ ሾርትከት ያውቃል» ብዬ ለጓደኞቼም ስልኩን የሰጠሁት እኔው ነኝ። ያ አቋራጭ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ አድርሷታል፤ ከበሩ ወዲያ ግን መንገድ አልነበረውም።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ያ ውጤት የተለጠፈው ለእኔ ከመደወሏ 2 ሳምንት ቀድሞ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ይዛው ዞራለች። ዶርም ውስጥ አብረዋት ከሚያድሩት መካከል 12 ያመጣችም፣ 10 ያመጣችም ነበረች፤ ሁሉም ግን ውጤቱን ደብቆ «ደህና ነው» ይል ነበር። «ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «እማ፣ እኛ ቤት የወደቀ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅማ» አለችኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ቤት ደግሞ መደበቅን ያስተማርናት፣ ሳናውቀው፣ በሰርተፍኬትና በበግ ነው።

ልጆቻቸውን ዘንድሮ ለሸኛችሁ አንባቢዎቼ አንድ ነገር ልበል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የፍሬሽማን ዓመት ሆኗል። «ኢንጂነሪንግ ገባ» ያልነው ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ድልድይም ሞተርም አያይም። የሚጠብቁት ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክና እነዚህን የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶች ናቸው። አፕላይድ ማትስና የኮምፒውተር ፕሮግራሚንግ በኋላ ይመጣሉ። ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል እያሉ ዲፓርትመንት መምረጥም ከዚህ በኋላ ነው፤ ምርጫውን ለማግኘት ደግሞ የዚህ ዓመት ውጤት ይታያል። ስለዚህ 9 ከ30 ቀላል ነገር ነው አልላችሁም። ልጁም ቀላል እንዳልሆነ ከእኛ በላይ ያውቃል፤ ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣው። ከእኛ የሚፈልገው የጉዳዩን ክብደት እንድንነግረው አይደለም።

ልጄን ያወጣት ምን መሰላችሁ? አንድ ማታ አብራት የምታድር ልጅ፣ ያችው 10 ያመጣችው፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት። ያኔ «እኔም 9 ነው ያመጣሁት» አለቻት። በማግሥቱ ሁለቱም አንዲት ሲኒየር ዘንድ ሄዱ። ሲኒየሯ የነገረቻቸው ነገር ቀላል ነው፤ ሃንድአውቱን ደጋግሞ ማንበብ ይቅር፣ ጥያቄውን መልሱን ሳታዩ ባዶ ወረቀት ላይ ሥሩ፣ የተጣበቃችሁበት መስመር ላይ ምልክት አድርጉ፣ እዚያች መስመር ላይ ብቻ ጠይቁ። ግቢው ውስጥ ለሴት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ ቲቶሪያልም ነበር። ልጄ እስከዚያ ድረስ ያልሄደችው «የደካሞች ነው» ብላ ነው። ስትሄድ ክፍሉ ሞልቶ ቆማ ተማረች።

የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ፊዚክስን በሲ ፕላስ አለፈች። በዕድሜዋ ካመጣችው ውጤት ሁሉ ዝቅተኛው ነው። አባቷ ግሬዱን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ቡና እንዲፈላ አዘዘ። እሷ ፊት ቁጭ ብሎም እሱ 11ኛ ክፍል ሒሳብ ወድቆ ክረምቱን ሙሉ የተማረበትን ታሪክ ነገራት። 20 ዓመት አብሬው ስኖር እኔም ሰምቼው አላውቅም።

አሁን ስትደውል ጥያቄዎቼን ቀይሬያለሁ። «ስንት አመጣሽ?» ማለት ትቼ «በዚህ ሳምንት የቱ ጋ ተጣበቅሽ?» እላታለሁ። መልሷ ብዙ ጊዜ አይገባኝም። ባለፈው ስለ ማትሪክስ ሩብ ሰዓት አወራችልኝ፤ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ሽንኩርቴን ከተፍኩ። አውርታ አውርታ መሐል ላይ ድንገት ቆመች። «ቆይ እማ፣ የተሳሳትኩበትን አገኘሁት!» ብላ ሳትሰናበተኝ ስልኩን ዘጋችው።

እኔም ሽንኩርቴን ቀጠልኩ። ያን ማታ ደህና አደርኩ።

የሳሎኑን ሰርተፍኬቶች አላነሳኋቸውም፤ ደክማ ያገኘቻቸው ናቸው። ግን ታናሽ ወንድሟ ባለፈው ሳምንት በሳይንስ 4 ከ10 አምጥቶ ወረቀቱን ቦርሳው ሥር ደብቆት አገኘሁት። አልተቆጣሁትም። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና «ና፣ የቱ ጋ እንደተጣበቅህ አሳየኝ» አልኩት።