ተራራውን ሳያዩ በተራራው አይፈረድም

በቀደመው ዘመን ወደ ከፍተኛ ተራራ የሚወጣ ሰው አንድም ለጸሎት፣ አንድም ለመሸሸግ፣ አንድም ከብቱን ለማሰማራት ነበር። ለማየት ብቻ መውጣት የባዕድ አገር ሰው ፈሊጥ ሆኖ ይቈጠር ነበር፤ ይኸም አስተሳሰብ ዛሬ ከብዙዎቻችን ልብ ፈጽሞ አልጠፋም። የዕረፍት ቀን ሲገኝ ወደ ሐይቅ ዳር መውረድ እንጂ ወደ ብርድና ወደ ጭጋግ መውጣት ለብዙ ሰው ደስታ መስሎ አይታየውም። እኛ ግን ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ዛሬ የምናቀርበው ምክር የባሌ ተራሮችን ብሔራዊ ፓርክ ወጥታችሁ እዩ የሚል ነው። ይኸንንም የምንለው ለመናፈስ ብቻ አይደለም፤ ነገ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ከሚደረግ ፍርድ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ነው።

የባሌ ተራሮች እሳት የሠራቸው ናቸው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ ስምጥ ሸለቆ ገና ሳይከፈት፣ ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ዐለት እየፈሰሰና እየረጋ፣ በላዩም ሌላ እየተደረበበት፣ የቀድሞውን መሬት ሁሉ ሸፈነው። የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚስለው ጫፉ የሾለና ከአናቱ ጢስ የሚወጣበትን ነው። ይኸኛው ግን እሳቱ ከጠፋ እጅግ የቆየ ሲሆን፣ አናቱም እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። ሜዳው ሳነቴ ይባላል፤ አብዛኛውም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከሜዳው ላይ ብቅ ካሉት ጉብታዎች ትልቁ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ የስሙም ትርጓሜ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው።

እሳቱ ከበረደ በኋላ ተራራውን በረዶ ወርሶት ነበር። ከ40,000 ዓመታት ገደማ በፊት በዚህ ሜዳ ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶ እንደ ነበረ የምድር ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። የሚያስደንቀው ግን በዚያው የብርድ ዘመን ሰው በተራራው ላይ መኖሩ ነው። ፊንጫ ሀበራ በሚባል፣ ከ3,400 ሜትር በላይ በሚገኝ የዐለት ጥላ ሥር ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበር በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አስረድቷል። እነዚያ ሰዎች የተራራውን ትልቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውንም ባልጩት፣ ማለት የጥንቱ እሳት የተወውን ጥቁር ድንጋይ፣ ከበላያቸው ካለው ጋራ እየወጡ ያመጡ ነበር። እንግዲህ ተራራውን ሰው ያልረገጠው ምድረ በዳ አድርጎ የሚያስብ ሁሉ ተሳስቷል ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እስከ ዲንሾ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዲንሾ ዙሪያ በአገራችን ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን ከአስታውና ከጥዱ መካከል ቆሞ ይታያል። ከጎባ ከተማ በላይ መንገዱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ወደ ሳነቴ ይወጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃም በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ድንች ለመቀቀል ትዕግሥት ያስፈልጋል። ተራራ ማዕርግ አያውቅምና አለቃውም ተላላኪውም በእኩል ያለከልካሉ። ስለዚህ አንድ ሌሊት ዲንሾ ወይም ጎባ ማደር፣ ሲወጡም ቀስ ብሎ መራመድ ይገባል። ራስ ምታት ጠንቶ ማስመለስ የጀመረው ሰው ሳይውል ሳያድር ቁልቁል ይውረድ፤ በዚህ ነገር ጀግንነት አይረዳም፤ መውረድም ነውር አይደለም።

ሳነቴ ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ባዶ መሬት ያየ ይመስለዋል። ጥቂት ቆም ሲል ግን ሜዳው ይንቀሳቀሳል። ጅብራው እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያም ይሞታል። በዓለም ላይ ከባሌ በቀር በሌላ ስፍራ የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ ራሱን አውጥቶ ሣር ይነጫል። እርሱንም የሚያድነው ቀይ ቀበሮ ጆሮውን አቁሞ በዝግታ ይጠጋል። የዚህ ቀበሮ ጎልማሶች በመላው ዓለም ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። ከሳነቴ በስተ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ ብርዱ ቀርቶ የሐረና ደን ይቀበላል፤ ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ማር የሚቈረጥበት ትልቅ ደን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዐይን ቶሎ የማያየው ትልቁ ነገር ውኃው ነው። የተራራው ሣር፣ ቍጥቋጦውና ረግረጉ ዝናቡንና ጭጋጉን ይዘው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይለቁታል። ዌብ፣ ገናሌና ዋቢ ሸበሌ ከዚህ ተራራ ውኃ ይቀበላሉ። በታችኛው በረሓ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በዚሁ ውኃ እንደሚኖር ይገመታል። በቆላው ግመሉን የሚያጠጣው አርብቶ አደር ሳነቴን አይቶት አያውቅ ይሆናል፤ ሳነቴ ሲራቈት ግን መጀመሪያ የሚጠማው እርሱ ነው።

ወደ ፍርዱ ነገር እንመለስ። የአካባቢው ሰው ከጥንት ጀምሮ ከብቱን በወቅቱ ወደ ተራራው ያወጣል፤ በወቅቱም ይመልሳል። ይኸ ልማድ ጎዳንቱ ይባላል፤ ለተራራውም ዕረፍት ይሰጠው ነበር። ሕዝብ እየበዛ የቆላና የወይና ደጋ መሬት ሲጠብ ግን ለወራት የወጣው ቤት ሠርቶ ቀረ፤ አስታው ተቃጠለ፤ ማረሻም ወደ ላይ ወጣ። ከሰውና ከከብት ጋራ የሚወጣው ውሻም የእብደት በሽታን አመጣ፤ በ1996 ዓ.ም. በተነሣው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት እየተሰጠ ነው፤ ነገር ግን ውሾቹ ካልተከተቡ ድካሙ ምንጊዜም ማለቂያ አይኖረውም።

ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ወሰኑን የሚደነግግ ሕግ ያገኘው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ተጻፈ። ጽሕፈት ክብር ነው፤ ብቻውን ግን አጥር አይሆንም። አንድ ቀን ከዛሬው ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ስለ ግጦሽ፣ ስለ መንገድ፣ ወይም ስለ ሰፈራ አንድ መዝገብ ይቀርባል። የቀበሮውን ሥዕል ብቻ ያየው ሹም «እረኛው ሁሉ ይውጣ» ብሎ ይፈርማል። የአቤቱታውን ወረቀት ብቻ ያየው ደግሞ «መሬቱ ይታረስ» ብሎ ይፈርማል። ሁለቱም ተራራውን አላዩትም፤ የመጀመሪያው እዚያ ተወልዶ ያደገውን ሰው፣ ሁለተኛው በታች ያለውን ውኃ ጠጪ ረስቷል። የጎዳንቱን ሥርዓት የሚያውቁት ሽማግሌዎች ያልተጠየቁበት ውሳኔ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ሳነቴ ላይ አይጸናም። የሀገሩን ሰርዶ በሀገሩ በሬ የተባለው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ የሚወጣው ሰው የአካባቢውን መሪ ይያዝ፣ ፈረሱንም ከአካባቢው ሰው ይከራይ፤ ተራራው ሳይታረስ እንጀራ እንደሚሰጥ ለባለ አገሩ የሚያስረዳው ይኸው ገንዘብ ነውና። ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። ውሻ ይዞ አይሂድ፤ በሳነቴ መንገድ ላይ መኪና አያብር፤ አስታ ቈርጦ እሳት አያንድድ፤ ቆሻሻውን ይዞ ይመለስ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ጋቢና ካፖርት አይርሳ። ከሁሉ በላይ ግን ከእረኛው ጋራ ቁጭ ብሎ ይጨዋወት፤ ከብቱ ስንት እንደ ሆነ፣ አባቱ በስንት ወር ይወጣ እንደ ነበር፣ ውሻው ተከትቦ እንደ ሆነ ይጠይቀው።

ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶችም በዓመት አንድ ጊዜ ይኸን ጉዞ ከሥራቸው እንደ አንዱ ቢቈጥሩት ወጪው የሚያስቈጭ አይሆንም። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ያላየ ዐይን ላለው ሹም ግን ልቡ በምን ይፈርድለታል? እንግዲህ ወጣቶቻችን ብዕሩን ከማንሣታቸው በፊት አንድ ጊዜ ወደ ሳነቴ ይውጡ እንላለን።