ዋጋ የሌለው አስማት

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ ይመነጫል፤ መልሶም የሕዝብን ኑሮ ይመረምራል። ይህ አባባል ስለ ገሐዱ ዓለም ልብ ወለድ ሲነገር ብዙ ክርክር አያስነሣም። ጠንቋይና ዘንዶ፣ መንፈስና ምትሐት ስለሚመላለሱበት ምናባዊ ልብ ወለድ ሲነሣ ግን ሁለት ወገኖች በተቃውሞ ይቆማሉ። አንደኛው ወገን፣ አስማት አጉል እምነት ነውና ከመማሪያ ክፍልም ከመጽሔት ገጽም ይወገድ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ምናብ ነጻ ነውና ደራሲው የፈለገውን ኀይል ለፈለገው ገጸ ባሕርይ ቢያድል ጠያቂ ሊኖርበት አይገባም ባይ ነው። ሁለቱ የተጣሉ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ስሕተት ላይ ይገናኛሉ፤ አስማትን ከሰው ኑሮና አስተሳሰብ የተነጠለ ባዶ ነገር አድርገው ይቆጥሩታል።

እውነቱ ሌላ ነው። በአንድ ሕዝብ ተረትና ልማድ ውስጥ የሚገኝ አስማት፣ ያ ሕዝብ ስለ ቃልና ስለ ስም፣ ስለ ሞትና ስለ ዕዳ፣ ስለ ሥልጣንም ያለውን ፍልስፍና በውስጡ ይዟል። ስለዚህም ለድርሰቱ የአስማት ሥርዓት የሚያበጅ ደራሲ ሦስት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ሊያልፍ አይገባውም። ኀይሉ ከምን ዓይነት አስተሳሰብ ይመነጫል? በማን እጅ ይገኛል? ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን ነው? ከሦስቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ዋጋው ያልታወቀ አስማት ደራሲው ከገባበት ችግር በአቋራጭ የሚወጣበት መንገድ ከመሆን አያልፍም።

ለዚህ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኧርሱላ ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችው «ኧ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» የተሰኘ መጽሐፍ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያ በደሴቶች በተሞላ ዓለም ውስጥ ነገር ሁሉ እውነተኛ ስም አለው፤ ስሙን ያወቀ ነገሩን ያዝዛል። ዳሩ ግን ዓለሙ በሚዛን የቆመ በመሆኑ፣ አንዱን ስፍራ የሚጠቅም ለውጥ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ይህ አስተሳሰብ ደራሲዋ ለረጅም ዘመን ካጠናችው ከቻይናው የዳኦ ፍልስፍና ጋር የተዛመደ ነው፤ የዚያኑ ፍልስፍና ዋና መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 በራሷ አቀራረብ በእንግሊዝኛ አሳትማለች። ጌድ የተባለው ወጣት በትዕቢት ተነሣሥቶ የሞተች ሴት መንፈስ ሲጠራ አንድ ክፉ ጥላ ወደ ዓለም ይለቅቃል። እርሱ ፊቱ ላይ ጠባሳ ይዞ ሲተርፍ፣ ሊያድነው የደረሰው አረጋዊ ሊቀ ጠበብት ግን ሕይወቱን ያጣል። የአንዱን ድፍረት ሌላው ይከፍለዋል። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ዕዳ እንጂ የምትሐቱ ብዛት አይደለም።

በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ግን ጉድለት ነበረ። የጠቢባኑ ትምህርት ቤት ለወንዶች ብቻ የተከፈተ ነው፤ የሴቶች ጥበብም በዚያ ዓለም ሰዎች አፍ ደካማና ክፉ እየተባለ ይናቃል። ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው «ተሃኑ» በተሰኘው መጽሐፍ ወደዚያው ዓለም ተመልሳ፣ በአንዲት የገበሬ ሚስት በነበረች መበለትና በእሳት በተቃጠለች ሕፃን ዓይን እንደገና ተመለከተችው። ኀይሉ ለምን በወንዶች እጅ ብቻ ቀረ ብላ የገዛ ሥራዋን መጠየቋ ለማንኛውም ደራሲ አርአያ የሚሆን ግለ ሂስ ነው። ከባህል የተቀዳ አስማት የባህሉን ጥበብ ብቻ ሳይሆን የባህሉን ግፍም ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

አፍሪካም በዚህ ረገድ የራሷ ትምህርት አላት። ናይጄሪያዊው አሞስ ቱቱዎላ እ.ኤ.አ. በ1952 ለንደን ላይ በታተመው «ዘ ፓልም ዋይን ድሪንካርድ» መጽሐፉ የዮሩባን ተረት ከቅኝ ግዛት ዘመን ገበያ ጋር አዋሕዶታል። ባለታሪኩና ሚስቱ ሞታቸውን በ70 ፓውንድ ከ18 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይሸጣሉ፤ ፍርሃታቸውን ደግሞ በወር በሚታሰብ ወለድ ያበድራሉ። በኋላ ፍርሃታቸው ሲመለስላቸው ሞታቸው ሳይመለስ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የማይሞቱ፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው የሚፈሩ ሰዎች ሆኑ። ከተማሩት ናይጄሪያውያን አንዳንዶቹ መጽሐፉ አገራቸውን ያዋርዳል ብለው ነቅፈውት ነበር። ነገር ግን ገንዘብ የሰውን ሞትና ፍርሃት ሳይቀር ወደ ሸቀጥነት ሊለውጥ እንደሚችል በእንዲህ ያለ ግልጽነት ያሳየ ድርሰት ጥቂት ነው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ደራሲ ደግሞ ምስክሩ ቃሉ ራሱ ነው። አስማት በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፤ ስሞች ማለት ነው። ለ ግዊን በመጽሐፍ የዘረጋችውን ሐሳብ ቋንቋው በአንድ ቃል ቋጥሮ ይዞታል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል»፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚሉት ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ ምርቃቱ፣ እርግማኑ፣ ግዝቱና መሐላው ሁሉ ቃል ከወጣ በኋላ ሥራ ይሠራል የሚለውን እምነት ያስረዳሉ። ዐውደ ነገሥት የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ለውጦ፣ ደምሮና ገድፎ ኮከቡን የሚያወጣበት ስልት አለው። በክታቡ ብራና ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀውም ርዝመቱ በቁመቱ ልክ ይዘጋጅ ነበር። ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ድል ያደረገበት ታሪክ በብዙ ክታቦች ላይ ይገኛል። ከዚያ ታሪክ ጀርባ ልጇን የቀበረች፣ ሁለተኛውንም እንዳትቀብር የምትፈራ እናት አለች። ለብራናውና ለጸሐፊው የምትከፍለውም እርሷ ናት።

እንግዲህ የፈረንጁን በትር «ዘንግ» ብሎ በመሰየምና ዘንዶውን በጎንደር ግንብ ላይ በማሳረፍ ብቻ አገርኛ ድርሰት ጻፍሁ የሚል ደራሲ ራሱን ያታልላል። የክታቡን ትላልቅ ዓይኖች ለጌጥ ወስዶ እናቲቱን የተወም ከእርሱ አይሻልም።

ግዴለሽነቱ ከጌጥነት አልፎ ወደ በደል የሚሸጋገረው ግን በቡዳ ጉዳይ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚለው እምነት በማን ላይ እንደወደቀ የታወቀ ነው፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ተሸክመውት ኖረዋል። በጎንደር አካባቢ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም በዚሁ ስም ተወግዘዋል። ገበሬው ማረሻውን ተቀብሎ የማረሻውን ሠሪ ሸሸ፤ በምንቸቱ በልቶ ምንቸቱን የሠራችውን እጅ ፈራ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው በደሉ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያመለክታል። ዛሬ ይህን እምነት ሳይመረምር ወስዶ፣ ክፉውን ገጸ ባሕርይ ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ የሚያደርግ ደራሲ ያንኑ ስድብ በመጽሐፍ ጠርዞ ለልጆች እንደማደል ይቆጠራል። ጥያቄውን የሚገለብጥ ደራሲ ግን ከዚሁ እምነት ታላቅ ድርሰት ሊያወጣ ይችላል። የማረሻው ሠሪ ክፉ ዓይን አለው መባሉ ማንን ጠቀመ? መሬት የተነፈገው ሰው ኀይል አለው ተብሎ መፈራቱ ምን ዓይነት ኀይል ነው? ሌሊት ጅብ ነህ የሚባል አባት ጧት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ ምን ይነግረዋል?

አስማት ይወገድ ለሚለው ወገንም መልሱ ከዚሁ ይገኛል። አጉል እምነት የሚኖረው ዋጋው ተደብቆ ነው። ማን እንደሚፈራ፣ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚጠቀም በግልጽ የተጻፈ ዕለት ግማሽ ኀይሉን ያጣል። መምህሩ ስለ ቡዳ ዝም ቢል ተማሪው ትምህርቱን ከሰፈር ሐሜት ይቀበላል። ይህን ሥራ አዋጅም ሆነ የመማሪያ መጽሐፍ ብቻውን አልፈጸመውም። የተሰደበውን ሰው ከውስጥ ሆኖ የሚያሳይ ልብ ወለድ ሊያግዘው ይችላል፤ ደራሲው እስከ መጨረሻው ለመጠየቅ ከደፈረ ነው።

ስለሆነም ከደራሲው የሚጠበቀው ሥራ የታወቀ ነው። የኀይሎችን ዝርዝር ከመደርደሩ በፊት ከክታብ ጸሐፊው፣ ከሸክላ ሠሪዋና ከአገር ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ከነዋጋው ይጻፍ። አርታኢውም ምናባዊ ድርሰት ሲቀርብለት አስማቱ ምን ያህል እንደሚያስደንቅ ከመመዘኑ በፊት፣ የማን እጅ እንደጨበጠውና የማን ቤት እንደከፈለበት ይመርምር። አስማት ስሞች ማለት ከሆነ፣ የዚህ ድርሰት የመጀመሪያ ተግባር ስማቸው የጠፋባቸውን ሰዎች በስማቸው መጥራት ነው።