ሚዛኑ ከፋብሪካው ይቅደም

ከአራት ኪሎ ወደ ጊዮርጊስ የምንመላለስ ተማሮች አንድ የማያልቅ ክርክር አለን። ገሚሳችን «ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ እንደገና ከተሠራ ወዲህ አየሩ ጸዳ» እንላለን፤ ገሚሳችን «ጩኸቱ ባሰ» እንላለን። «በምን አወቅህ?» ሲባል ግን፣ ከመፍረሱ በፊት በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ጩኸቱ ስንት ዴሲቤል፣ ብናኙ ስንት ማይክሮግራም እንደ ነበረ የሚያሳይ ወረቀት ከኪሱ የሚያወጣ የለም።

ይህ ክርክር በሻይ ቤት ቢቀር ጉዳት የለውም። በፋብሪካ አጥር ሥር ሲነሣ ግን የሰው ሳንባና የሕፃናት እንቅልፍ የተያዘበት ነገር ይሆናል። ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው፤ ማንኛውም ፋብሪካ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት የሠፈሩ አየርና ጸጥታ ይለካ፤ የተለካውም ነዋሪው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ።

ሕግ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጥተዋል። ለጩኸትም ወሰን ተበጅቶለታል፤ በመኖሪያ ሠፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ በኢንዱስትሪ ሠፈር ቀን 75፣ ሌሊት 70። ጊዮርጊስ ቢራ ከመቶ ዓመት በፊት ሲቋቋም እንዲህ ያለ ሕግ ስላልነበረ ጥንታውያኑን ፋብሪካዎች ባለመለካታቸው የሚወቅስ የለም። ከ1995 ወዲህ የመጡት ግን ይህ ምክንያት የላቸውም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? አንድ ነዋሪ ሌሊት 55 ዴሲቤል አስለክቶ ቢከስ፣ ባለፋብሪካው «ይህማ የመንገዱ ድምፅ ነው፤ እኔ ሳልመጣም ነበረ» ቢለው ምን ይመልሳል? ቀድሞ 45 እንደ ነበረ የተጻፈ ካለ መልሱ ቀላል ነው፤ በዴሲቤል አቈጣጠር የ10 ጭማሪ የድምፁ ኀይል ዐሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነውና። የተጻፈ ከሌለ ከሳሹ አፉን ይዞ ይመለሳል። ባለፋብሪካውም እውነተኛ ከሆነ፣ ከሐሰት ክስ የሚያድነው ያው ወረቀት ነው።

ነገር ግን ለስሙ ያህል የሚደረግ ልኬት ጨርሶ ካለመለካት የከፋ ነው። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛል፤ ሞቃቱም እንደ ክዳን ከላይ ይደፋበትና የመኪናውና የማገዶው ጢስ መውጫ ያጣል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ያጥበዋል። በታኅሣሥ ማለዳ ብቻ የለካ ሰው እንግዲህ ሠፈሩን ከወትሮው አቆሽሾ መዝግቧል ማለት ነው፤ ኋላ የሚመጣው የፋብሪካ ጢስ በዚያ ቁጥር ሥር ይደበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ለደቃቁ ብናኝ ያወጣው ምክር በዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው፤ የዓመት አማካይ ደግሞ በአንድ ቀን ጉብኝት አይገኝም። ጩኸትም እንዲሁ ነው። በጊዮርጊስ አደባባይ ወር በገባ በ23 የለካና በማግሥቱ የለካ አንድ ቁጥር አያገኙም።

የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት የከተማችንን ደቃቅ ብናኝ እየለካ ለሕዝብ ያወጣ ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የዋሽንግተን መንግሥት ይህን አገልግሎት በዓለም ዙሪያ አቋረጠ። የገዛ አየራችንን ከሰው ደብተር ስናነብ መኖራችን ያን ቀን ታወቀን።

ስለዚህ የአራት ኪሎ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራን፣ የአምስት ኪሎም መሐንዲሶች፣ መሣሪያና አንዳንድ ሰዓት እንዲያውሱን እንለምናለን። በስልክ ላይ የሚጫነው የድምፅ መለኪያ ለጨዋታ ይበቃል፤ በታወቀ ድምፅ ካልተስተካከለ ግን ማንንም አያስረዳም። ለቅርበቱ ስንል በጊዮርጊስ እንጀምር፤ መሣሪያው በሰው ቁመት ያህል፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቁም፤ ማለዳ፣ ቀትር፣ ማታና እኩለ ሌሊት ይነበብ፤ ነፋሱና ዝናቡም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ። እጃችን ሲለምድ ወደ አቃቂ ቃሊቲ እንወርዳለን፤ አጥሩ ታጥሮ ሞተሩ ያልተተከለበት ቦታ ፈልገን እዚያ አንድ ዓመት እንለካለን። ደብተሩን ማኅበራችን ይግዛ፤ የሌሊቱን ተራ ለመያዝ ስማችንን አስቀድመን ሰጥተናል።