ልብ የወለደውን ስለ ማሳደግ

ያልታየ ዓለምንና ያልደረሰ ዘመንን ታሪክ የሚደርሱ ጸሐፍት በዝተዋል። ይህ በራሱ አይነቀፍም። የሚነቀፈው አንዳንዶቹ ድካምን ለመሸሽ የሚያቀርቡት ምክንያት ነው። በአንዱ ምዕራፍ ሁለት ፀሐይ የነበረው ሰማይ በሌላው አንድ ብቻ ቢቀርለት፤ ሙት የሚያስነሣው መድኃኒት ለጀግናው ሠርቶ ለእናቱ ሳይሠራ ቢቀር፤ አንባቢም ስለ ምን ነው ብሎ ቢጠይቅ፤ «ልብ ወለድ ነውና እንደ ፈቀድሁ እጽፋለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ዳሩ ግን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 በሮማ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሲባል፤ ቃሉ ልብ መውለዱን ይናገራል እንጂ የተወለደው ሜዳ ላይ ይጣል አይልም።

ለእንዲህ ያለው ምክንያት በኦክስፎርድ የቋንቋ መምህር የነበረው ጆን ቶልኪን በ1939 በስኮትላንድ በሰጠው ንግግር መልስ ይገኛል። አረንጓዴ ፀሐይ ብሎ መናገር ለማንም ቀላል ነው፤ አረንጓዴ ፀሐይ የምትታመንበትን ዓለም ማበጀት ግን ብዙ ድካምና ብዙ ማሰብ ይጠይቃል አለ። እውነትም በዚያች ፀሐይ ብርሃን የወርቅ መልክ ምን ይሆናል? የሰው ፊት፤ የንጋት ሰማይ፤ የጠላ ቀለም እንዴት ያለ ይመስላል? ገበሬውስ አዝመራው መድረሱን በምን ያውቃል? ይህን ሳይጠይቅ ብዕር ያነሣ ሰው ፀሐይቱን በቃል ቀባት እንጂ አልፈጠራትም። ቶልኪን የካቶሊክ አማኝ ነበረና፤ ሰው ታሪክ የሚፈጥረው ራሱ በፈጣሪ አርአያ ስለ ተፈጠረ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። (ልብ ወለድን ሁሉ ሐሰት ነው የሚል ካህን ቢኖር የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ያስብ።) በዚህ አርአያ የሚመካ ደራሲ ለባሕር ዳርቻ እንደ ተወሰነላት ለፈጠረው ዓለም ወሰን ሳያበጅለት እንዴት ይቀራል?

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ ይከፋል። ጸሐፍቱ ማኅበር ያቆማሉ፤ በማኅበሩ የሚሰማው ግን ውዳሴ ከንቱ ነው። አንዱ ሲያነብ ሌላው የራሱን ተራ እየጠበቀ «ግሩም ነው» ይላል። የቅኔ ተማሪ ግን ለብቻው ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ቤቱ ባይመታ፤ ምሥጢሩም ቢጎድል ይታረማል። ስለ ታረመም ተዋረደ የሚለው የለም።

በኦክስፎርድም በሞድሊን ኮሌጅ በክላይቭ ሉዊስ ክፍል ሐሙስ ማታ የሚሰበሰቡ «ኢንክሊንግስ» የተባሉ ወዳጆች እስከ 1949 ድረስ ያልታተመ ድርሰታቸውን ድምፅ አሰምተው እያነበቡ ይከራከሩ ነበር። ከነርሱ አንዱ ሁጎ ዳይሰን የቶልኪንን ታሪክ መስማት አይወድም ነበር፤ አለመውደዱንም አልሸሸገም። ቶልኪንም በቀላሉ የሚታረም ሰው አልነበረም፤ ሉዊስ እንደ ጻፈው፤ ነቀፋ ሲደርሰው ወይ ሥራውን ከመጀመሪያው እንደ ገና ይጀምራል፤ ወይ ነቀፋውን ጨርሶ ልብ አይለውም።

እንግዲያ ጉባኤው ምን ጠቀመው የሚል ይኖራል። «የቀለበቶች ጌታ» የተባለው ድርሰቱ በ1937 መጨረሻ ተጀምሮ የታተመው በ1954 እና በ1955 ነው። ሉዊስ በ1963 ካረፈ በኋላ ቶልኪን በ1965 በጻፈው ደብዳቤ፤ ሥራው ከግል ጨዋታ የሚበልጥ ሊሆን እንደሚችል ያሳሰበው ሉዊስ ብቻ እንደ ነበረ፤ የእርሱም ቀጣዩን ለመስማት መጓጓት ባይኖር መጽሐፉን ከፍጻሜ እንደማያደርሰው መሰከረ።