ቆሎው መኪና ውስጥ ቀረ

ወንድሜ ላስ ቬጋስ ታክሲ ይነዳል። ባለፈው ሐምሌ ከ13 ዓመቱ ልጄ ጋር ልንጠይቀው ሄደን፣ «ግራንድ ካንየንን ሳታዩማ አትመለሱም» ብሎ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ነድቶ አሪዞና አደረሰን። እኛ ጃኬት የምንደርብበት ሐምሌ እዚያ የበጋው እሳት ነው።

በሌሊት እንነሳ ተባብለን ብራይት ኤንጅል የሚባለውን መንገድ ስንጀምር 3 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ የአዲስ አበባን ጠዋት ይመስላል። ያታለለንም እሱ ነው። ተራራ ሲሆን ዳገቱን በጉልበትህ ወጥተህ ሲደክምህ ትወርዳለህ፤ እዚህ ግን ተገላቢጦሽ ነው። በወረዱ ቁጥር ደግሞ ይሞቃል። ታች ኮሎራዶ ወንዝ ዳር በበጋ ጥላ ውስጥ እንኳ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፓርኩ በበጋ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት አትጓዙ ይላል።

በቅሎዎች ሲመጡ ጥግ ይዘን አሳለፍናቸው። ወንድሜ «እትዬ፣ አገር ቤት ገባን እኮ!» ብሎ አሳቀን። አንድ ማይል ተኩሉ ላይ ካለው ማረፊያ እንመለስ ያለውም እሱ ነበር። «የደጋ ልጅ ዳገት ይፈራል እንዴ?» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ማይል ላይ ልጄ ዝም አለ። ራሱን አመመው፣ አቅለሸለሸው። ጠዋቱን ሙሉ «ውሃ ጠጣ» እያልኩ ስግተው ነበር፤ ምግብ ግን አልቀመሰም። በዚያ የምታልፍ የፓርኩ ጠባቂ የጠየቀችኝ ስንት እንደጠጣ ሳይሆን ምን እንደበላ ነው። ላብ ጨውን ይዞ ይወጣል፤ ባዶ ውሃ ብቻ ሲጨመርበት በደም ውስጥ የቀረው ጨው ይቀጥናል፤ ሕመሙም ሙቀት የጎዳው ሰው ሕመም ይመስላል። ጨው ያለው ብስኩት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ለወንድሜ ያመጣሁት ጨው የነካው ቆሎ መኪና ውስጥ ነበር!

ሸሚዙን እያራስን እስከ 10 ሰዓት ጥላ ውስጥ ተቀመጥን። ያን ያህል ረጅም ቀን አላውቅም፤ ዓይኑን በከደነ ቁጥር ስሙን እጠራለሁ። በሁለት ሰዓት የወረድነውን አራት ሰዓት ግድም ፈጅተን ወጣን።

መኪናው ውስጥ ቆሎውን በእፍኙ ዘገነ። «ይቅርታ፣ አባዬ» አልኩት።

እየቆረጠመ «ወንዙን ግን አላየነውም» አለኝ።