ነጠላውን ከማውለቃችን በፊት

  

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ የአንድ ነጠላ ጉዳይ ነው። ግን ብዙ ቤት ውስጥ እየገባ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት ከስግድ በፊት ባለው ሳምንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ካንዮን ሄዱ። እንደ ልማዳቸው ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መቀነታቸውን ታጥቀው፣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ነበር። በር ላይ የቆመው ዘበኛ አያቸውና ልጁን በዕብራይስጥ «ሙስሊም ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ደነገጠ። «ሎ፣ ሎ! አይሁድ ነን!» አለ ጮክ ብሎ። ዘበኛውም «ቤሴዴር» ብሎ አሳለፋቸው።

ነገሩ እዚያው ቢያበቃ ደግ ነበር። ማታ ቤት ከገቡ በኋላ ግን ልጁ «ሳቭታ፣ ሁለተኛ ይህን ጨርቅ ራስሽ ላይ አታድርጊ፤ ዓረብ ትመስያለሽ፤ እኔ አፈርኩ» አላቸው። እናታችን አልተቆጡም። ነጠላውን አጣጥፈው ሻንጣ ውስጥ ከተቱት። በስግድ ቀን ወደ የሩሳሌም ሲወጡ ሹራብ ለብሰው፣ ሻሽ ብቻ አስረው ወጡ።

ይህን የሰማን ጊዜ ሁላችንም ተናደድን። የተናደድንበት ምክንያት ግን አንድ አልነበረም። አንዱ «እንዴት ተደርጎ እስላም ይሉናል!» አለ። ሌላው «ልጁ ምን አጠፋ? እዚህ አገር እንደ አገሩ ሰው መልበስ ነው» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «ቀሚሱም ነጠላውም መጀመሪያውኑ የክርስቲያን ልብስ ነው፤ እኛ አይሁድ ምን አደረገን?» አለ።

ሦስቱንም ሰማን። ሦስቱም ከአንድ ስሕተት የተነሡ ይመስለናል፦ ጨርቅ ሃይማኖት አለው ብሎ ከማሰብ።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በስሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በወልቃይት ስንኖር ገበያ ላይ ሦስት ሴቶች ቢቆሙ፣ አንዷ የእኛ፣ አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም፣ ከሩቅ በልብስ መለየት ይከብድ ነበር። ሦስቱም የጥጥ ቀሚስ ለብሰዋል። ሦስቱም መቀነት ታጥቀዋል። የሦስቱም ራስ በሻሽ ወይም በነጠላ ተሸፍኗል። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ክርስቲያኗን በአንገቷ ማተብ ያውቃታል። እኛ ማተብ አናስርም፤ ሙስሊሟም አታስርም።

ታዲያ እኛን እኛ ያደረገን ምን ነበር? ሰንበት ነበር። ዓርብ ፀሐይ ሳይጠልቅ እሳቱን ማጥፋት ነበር። የመርገም ጎጆ ነበር። ወንዝ ዳር መስፈራችን፣ ከሌላ ሰው ጋር ከተነካካን ታጥበን ወደ ቤት መግባታችን ነበር። ኦሪት ነበር፣ ቄሶቻችን ነበሩ። ክርስቲያኑ ያረደውን አንበላም፣ ሙስሊሙ ያረደውንም አንበላም፤ እነርሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ሥጋ ለየን። ጥጥ ግን አልለየንም።

እንዲያውም ልብሱን ማን ነበር የሚሠራው? አባቶቻችን እኮ ሸማኔዎች ነበሩ። ርስት ተከልክለን በእጃችን ሥራ ነበር የምንኖረው፤ ብረት ቀጥቅጠን፣ ሸክላ ሠርተን፣ ሸማ ሸምነን። እናት ጥጡን ባዝታ በእንዝርት ትፈትላለች፤ አባት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ድርና ማጉን ያገናኛል። ያ ሸማ ገበያ ይወጣል፤ ክርስቲያኑም ይገዛዋል፣ ሙስሊሙም ይገዛዋል። በአዘቦት ቀን «ቡዳ» ብሎ የሚሰድበን ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው እኛ በሸመንነው ኩታ ነበር። ሙስሊሞችም በጎንደር አካባቢ ሸማኔና ነጋዴ ነበሩ። ስለዚህ «የክርስቲያን ልብስ» የሚባለውን ድርና ማግ ያገናኘው ብዙ ጊዜ የእኛ እጅ ወይም የሙስሊሙ እጅ ነው። የራሳችንን የእጅ ሥራ «የሰው ነው» ብለን እንጣለው እንዴ?

የታሪክ ነገር ከተነሣ አንድ ሌላም አለ። በ1668 በአፄ ዮሐንስ አንደኛ ጊዜ በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። በዚያው ውሳኔ እኛም፣ ያኔ «ካይላ» የተባልነው፣ ተለይተን በየራሳችን መንደር እንድንኖር ተደረገ። እኛና ሙስሊሞቹ በሃይማኖት አንገናኝም፤ ስንገፋ ግን አብረን ነው የተገፋነው። ይህን የረሳ ሰው «እስላም ትመስያለሽ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ይጠቀምበታል።

ይህን ስንል ግን ምንም ልዩነት የለም ማለታችን አይደለም። መስቀል መስቀል ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ የሚመጣው ቀሚስ ብዙ ጊዜ ከደረት እስከ ታች መስቀል አለበት። ለልጃችን ሠርግ እንዲህ ያለ ቀሚስ ሲመጣ እናቶች «አይሆንም» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ የመስቀል ንቅሳት ግንባራቸው ላይ ይዘው ወደ ምድረ እስራኤል የገቡ ናቸው፤ ከጎረቤት ጋር ለመመሳሰል ወይም በግድ በልጅነታቸው የተነቀሱት ነው። እዚህ መጥተው በሌዘር ያስነሡ አሉ፣ እስከ ዛሬም በሻሽ የሚሸፍኑት አሉ። ለእነርሱ የመስቀል ነገር የጌጥ ነገር አይደለም።

መፍትሔው ግን ቀሚሱን መጣል አይደለም፤ ሸማኔውን መንገር ነው። «ጥለቱ መስቀል አይኑርበት፤ ማጌን ዳቪድ አድርግልኝ፣ መኖራ አድርግልኝ፣ ወይም ዝም ብለህ መስመር አድርገው» ማለት ነው። ይህን የምንለው ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። በወሎ ያለች አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ሙሽራም ሸማኔውን «መስቀል የሌለበት» ትለዋለች። እርሷም «ቀሚስ የክርስቲያን ነው» ሲሏት «አይደለም፣ የአገሬ ነው፣ እናቴም አያቴም ለብሰውታል» ብላ ትመልሳለች። የእርሷ ክርክርና የእኛ ክርክር አንድ ዓይነት ነው። እርሷ ለብሳው እስልምናዋ አልቀነሰም፤ እኛም ለብሰነው አይሁድነታችን አይቀንስም።

አሁን ደግሞ ልጆቻችን ፈጽሞ ወደማያውቁት ነገር እንምጣ። በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ የገባን ሰዎች በሱዳን በኩል ነው የመጣነው። በኡም ራኩባ መጠለያ፣ በገዳሪፍ ከተማ አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ ተደብቀን ኖርን። በመንገድና በመጠለያ 4,000 ያህል ወገኖቻችንን ቀብረናል። በዚያን ጊዜ ከእናቶቻችን ውስጥ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ቶብ ለብሰው ወደ ገበያ የወጡ ነበሩ። ማንም እንዳይለያቸው ነው። በዚያ ቶብ ሥር ልባቸው የሩሳሌም ነበር። ሰንበትን በሹክሹክታ ያከብሩ ነበር። እንግዲህ ንገሩን፦ ያን ቀን ቶብ የለበሰችው እናት ሙስሊም ሆነች እንዴ? ዛሬ በገዛ አገሯ ነጠላ ያደረገችው እናትስ ለምን ይታፈርባታል?

ጎረቤቶቻችንንም እንመልከት። የሞሮኮ አይሁድ ለሒና ሥነ ሥርዓት ካፍታን ይለብሳሉ፤ ካፍታን የሞሮኮ ሙስሊሞችም ልብስ ነው። የየመን አይሁድ ሙሽራ በወርቅና በብር ተሸፍና ስትወጣ ሁሉም ያጨበጭባል። ሒናውም ራሱ ሙስሊሞችና አይሁድ አብረው የኖሩበት ልማድ ነው። በኢራን በማሽሃድ ከተማ የነበሩ አይሁድ ደግሞ በ1839 በግድ ሰልመው፣ ሴቶቻቸው ቻዶር ለብሰው፣ ቤት ውስጥ ሃይማኖታቸውን በስውር ጠብቀዋል። ዛሬ ልጆቻቸው ይህን ታሪክ በኩራት ነው የሚናገሩት። ሚትፓሐት የምታስረውን ሃይማኖተኛ እስራኤላዊትም ማንም «ሙስሊም ናት?» ብሎ አይጠይቃትም። እንግዲያ ጥያቄው ስለ ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ ከጨርቁ ሥር ስላለው ቆዳም ነው። ይህን እንወቅ፤ ዘበኛው ያልለመደው ነጠላውን ብቻ አይደለም፣ እኛንም ነው። ነጠላውን ብናወልቅ ቆዳችንን አናወልቅም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በዚህ አገር ጦርነት አለ፣ ሽብር አለ። ልጆቻችንን ጻባ ልከን እንቅልፍ አጥተን እናድራለን። ዘበኛ ሥራው መጠየቅ ነው፤ ቢጠይቅ አንቀየመውም። እኛ የምንለው ስለ ልጁ ነው። ልጁ «አይሁድ ነን» ያለው ስለ ማንነቱ ሊያስረዳ አይደለም፤ ከላዩ ላይ ቆሻሻ የሚያራግፍ ይመስል ነበር። በዚያው አዳራሽ ውስጥ ሂጃብ ያደረገች ሙስሊም ሴት ልጅዋን ይዛ ቆማ ሰምታው ቢሆንስ? ብዙዎቻችን በጽዳት፣ በሆስፒታል፣ በሽማግሌዎች ቤት ከሙስሊም ሴቶች ጎን ቆመን እንሠራለን። ምሳ ሰዓት አብረን እንቀመጣለን። የእነርሱን ልብስ ስድብ አድርገን ማታ ቤት ውስጥ ብናወራ፣ ነገ እኛን «ኩሺ» የሚለውን ሰው በምን አፋችን እንከሰዋለን?

የሰው ልብስ ላይ የተጀመረ ነገር ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አይቆምም። በ850 ኸሊፋው አል ሙተወኪል አይሁድና ክርስቲያኖች ቢጫ ልብስ እንዲለብሱ አዘዘ፤ መለያ ነበር፣ ውርደት ነበር። በ2004 በፈረንሳይ በትምህርት ቤቶች ሂጃብን የከለከለው ሕግ ኪፓንም ከልክሏል። በ2025 መጀመሪያ በአክሱም ከተማ ሂጃብ ያደረጉ ሙስሊም ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ተከልክለው ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንዲት ልጅ ራሷን ስለሸፈነች ከትምህርት ስትቀር እኛ ማዘን አለብን። እኛ ያንን ስሜት እናውቀዋለን።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ ለልጆቻችን የልብሱን ስም እናስተምራቸው። «ጨርቅ» አይባልም፤ ነጠላ ነው፣ ኩታ ነው፣ ጋቢ ነው፣ መቀነት ነው። በለቅሶ ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ እንደሚዞር፣ በደስታ ጊዜ እንዴት እንደሚጣፋ እናሳያቸው። ነጠላን መስቀለኛ ማጣፋት የክርስቲያኖች የቤተ ክርስቲያን ወግ እንደሆነና እኛ ለምን እንደማናደርገው እንንገራቸው። የሚያውቁት ነገር አያሳፍራቸውም።

ሁለተኛ፣ ስንጠየቅ ረጋ ብለን እንመልስ። «ሙስሊም ነሽ?» ቢሉን «አይ፣ አይሁድ ነኝ፤ ይህ ከኢትዮጵያ የመጣ የእናቶቼ ልብስ ነው» ማለት ይበቃል። መደንገጥም መጮህም አያስፈልግም። ሙስሊም መባል በሽታ አይደለም፤ እኛ ግን አይደለንም፤ እንደዚያው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ነጠላውን ለስግድ ብቻ አናስቀምጠው። ስግድ ከ2008 ጀምሮ በክኔሴት ሕግ የአገር በዓል ሆኗል፤ በዚያ ቀን በነጭ ልብስ በአርሞን ሃናጺቭ ስንቆም ሹማምንቱም ጋዜጠኛውም ፎቶ ያነሣናል። በበዓል የሚያምረው ልብስ በማክሰኞ ኩፓት ሖሊም ስንሄድ የሚያሳፍር መሆን የለበትም። እናቶች፣ የለመዳችሁትን ልበሱ። ልጆች፣ እናቶቻችሁን አታስወልቁ።

እኚያን እናት ባለፈው ሰሞን አግኝተናቸው ነበር። «ለልጁ የሱዳኑን ነገር ነግረውት ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኧረ አልነገርኩትም፤ ምን ያደርግለታል ብዬ» አሉ። «ይንገሩት» አልናቸው። ከዚያ አንድ ቀን ማታ ነገሩት፤ በገዳሪፍ ገበያ በቶብ ተጠቅልለው ውሃና ዱራ ሲገዙ የነበረውን፣ እህታቸውን እዚያ የቀበሩትን። ልጁ ብዙ ጊዜ ዝም አለ አሉ። በመጨረሻ «ሳቭታ፣ ያ ቶብ አሁን የት አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። ቶቡ የለም፤ እዚያው ቀርቷል። ነጠላው ግን አለ፣ ሻንጣው ውስጥ ነው። ለሚመጣው ስግድ ማን እንደሚያወጣው እናያለን።

እናንተም በየቤታችሁ እንዲሁ ያልተነገረ ነገር ካለ ሳይረፍድ ንገሩ። እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ሰላም ሰንብቱ።