ስለሚሸጥ ደሴት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አቆየን። የክርክሩ መነሻ ቀላል ነው። ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ያገኘውን ፎቶግራፍ አሳየን። በባሕር መካከል ያለ ትንሽ ደሴት ነው። ከዳሩ ላይ ነጭ ቤት፣ ከቤቱ ፊት ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ውኃ ብቻ ይታያል። ከሥሩ «ይሸጣል» የሚል ቃልና እኛ ስምንታችን ዕድሜ ልካችንን ሠርተን የማንሞላው ዋጋ ተጽፎበታል።

የጎረቤት ክፍል ሙዚቃ ግድግዳውን ይነዝረዋል። በኮሪደሩ ውኃ የሚጠብቁ ተማሪዎች ባልዲ ይንኳኳል። የላይኛው አልጋ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የታችኛው ያቃስታል። በዚህ ሁሉ መካከል ያን ነጭ ቤት ሲያይ ልቡ ያልሸፈተ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። አንዱ ቤተ መጻሕፍት አስገባበት። ሁለተኛው ውሻ ጨመረ። ሦስተኛው ስልክ የሚባል ነገር ወደዚያ እንዳይሻገር ሕግ አወጣ። ቤቱን በቃል ገዝተን፣ በቃል አሳምረን፣ ልንገባበት ስንል የጣና ዳር ልጅ የሆነው ጓደኛችን ከጥጉ ሆኖ «ለመሆኑ ታንኳውን ማን ይቀዝፍላችኋል?» ሲል ጠየቀን።

ሳቅን። ነገር ግን ጥያቄው ከሳቁ በኋላም አልለቀቀንም። ዛሬ በዚህ መጽሔት የምናቀርበው አስተያየት ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ያገኘነው ነው።

በመጀመሪያ ጸጥታን መመኘት ነውር ነው አንልም። አገራችን ለጸጥታ ትልቅ ክብር የሰጠች አገር ናት። በጣና ሐይቅ ደሴቶች ላይ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ገዳማት ተተክለዋል። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም በዳጋ እስጢፋኖስ ያረፈው፣ በጦርነት ዘመን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ የተሻገሩት፣ ውኃው እንደ ቅጥር ሆኖ ስለጠበቃቸው ነው። ይሁን እንጂ መነኩሴው ወደ ደሴት የሚሄድበትን መንገድ ልብ ብለን እንመልከት። መነኩሴ ያለውን ትቶ ይሄዳል። ከደረሰም በኋላ ብቻውን አይቀመጥም፤ የማኅበሩ ሥርዓት አለበት፤ እርሻ፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ ይጠብቀዋል። ለጸጥታው የሚከፍለው በገዛ ሕይወቱ ነው። የእኛ የቅዳሜ ማታ ገዢ ግን ያለውን ሁሉ በጀልባ ጭኖ፣ ምንም ነገር ሳይተው፣ ጸጥታውን በላዩ ላይ ሊጨምር የሚሻ ሰው ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለናል።

ከገዳማቱ አጠገብም ገበሬ አለ። በጣና ከሚገኙት ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ደቅ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ይገኛል። ጎብኚ ሥዕሉን አይቶ፣ የወፍ ድምፅ ሰምቶ፣ «እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ብሎ ይመለሳል። የደቅ ሰው ግን ያርሳል፣ ከብት ያረባል፣ ዓሣ ያጠምዳል፤ የሚሸጠውን ይዞ ገበያ ለመውጣት ሐይቁን መሻገር አለበት። ከደንገል የተሠራው ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ ይፈልጋል። ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ ቀላል አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ላይ ታይቶ ለጀልባውም ለመረቡም ጠላት ሆኗል። ጓደኛችን እንደነገረን፣ በሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ቤት ጸጥታ የሚባለው ነገር ሌላ መልክ አለው። ጸጥታው የሞተር ጀልባ ድምፅ አለመሰማቱ ነው። ለጎብኚ ዕረፍት የሆነው ለነዋሪው የሐኪም መራቅ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ ደሴት ሲሸጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደሴት ወደሚሸጥበት አገር እንሻገር። በስኮትላንድ ምዕራብ ጠረፍ ኤግ የሚባል ደሴት አለ፤ ስፋቱ 31 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ደሴት ከነመሬቱና ከአብዛኞቹ ቤቶቹ ጋር እንደ አንድ ዕቃ ከባለጸጋ ወደ ባለጸጋ ሲሸጥ ኖሯል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 አንድ ነጋዴ ገዛው፤ በ1995 ደግሞ አንድ ጀርመናዊ ሠዓሊ ገዛው። ገዢዎቹ ጸጥታውንና ውበቱን ወድደው የመጡ ናቸው። በደሴቱ ላይ ግን 60 የሚያህሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል አልነበራቸውም። ነገ ውጣ ሊባል የሚችል ሰው ጣራውን አይጠግንም፤ ዛፍ አይተክልም፤ ልጁ በዚያ እንዲቀር አይመክርም። ደሴቱ እየጸጠ ሄደ፤ ይህ ጸጥታ ግን ሰው እየለቀቀው የሚሄድ አገር ጸጥታ ነው።

በመጨረሻም የኤግ ሰዎች ደሴታቸውን ራሳቸው ለመግዛት ተነሡ። ከአካባቢው ምክር ቤትና ከአንድ የዱር አራዊት ጥበቃ ማኅበር ጋር ተባበሩ፤ ከሩቅም ከቅርብም ከሺሕ የሚበልጡ ሰዎች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ ላኩላቸው፤ አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ደግሞ ትልቁን ክፍል ሰጣቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ጁን 12 ቀን 1997 ደሴቱ በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ የነዋሪዎቹ ሆነ። በ2003 የስኮትላንድ ፓርላማ ባወጣው የመሬት ሕግ ሌሎች የገጠር ማኅበረሰቦችም የሚኖሩበት መሬት ለሽያጭ ሲቀርብ ቀድመው የመግዛት መብት አገኙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከግዢው ይልቅ ትምህርት ይሰጣል። ከዋናው ምድር የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር በኤግ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቤት በናፍጣ የሚሠራ የራሱ ጄኔሬተር ያንጓጓ ነበር። በ2008 ነዋሪዎቹ ከውኃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ኃይል የሚያገኝ የጋራ የመብራት ድርጅት አቋቋሙ። ኃይሉ ለሁሉ እንዲበቃ አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎዋት በላይ እንዳይወስድ ወሰኑ። ሀብታሙም ድሃውም ወሰኑ አንድ ነው። ጄኔሬተሮቹ ሲዘጉ ደሴቱ በእውነት ጸጥ አለ። የነዋሪውም ቁጥር ከ100 በላይ ደረሰ። ብዙ ሰው በገባበት ጊዜ ደሴቱ ይበልጥ ጸጥ ማለቱ ያስደንቃል። ያን ጸጥታ ያመጣው ጎረቤትን ማራቅ ሳይሆን ከጎረቤት ጋር መስማማት መሆኑን ልናስተውል ይገባናል።

አንዳንድ አንባቢ በዚህ ላይ ሊቃወመን ይችላል። «ገዢው እኮ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ ሥራ ይፈጥራል፤ መንገድ ይሠራል» ይለናል። ይህ ክርክር ውኃ የማያነሣ ነው አንልም። በሃዋይ ላናይ የሚባል ደሴት አለ። በ1922 የአናናስ ነጋዴው ጄምስ ዶል ገዝቶ ሰፊ የአናናስ እርሻ አደረገው። በ2012 ደግሞ የኦራክል ኩባንያ መሥራች ላሪ ኤሊሰን ከደሴቱ 98 ከመቶ የሚሆነውን ገዛ፤ የከፈለውም ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተነግሯል። በደሴቱ 3,000 ያህል ሰው ይኖራል። አዲሱ ባለቤት ገንዘብ ማፍሰሱን፣ ሆቴሎችን ማደሱን፣ ሥራ መስጠቱን አንክድም። ነገር ግን በዚያ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ አሠሪውም፣ የቤቱ አከራይም፣ የመሬቱ ባለቤትም ያው አንድ ሰው ነው። ቸር ባለቤት ከክፉ ባለቤት ይሻላል፤ ይህ ግልጽ ነው። ሆኖም ኑሮው በሌላ ሰው ቸርነት ላይ የተንጠለጠለ ሕዝብ ባለቤቱ ሲቆጣ ወይም ሲሰለቸው ወይም ሲሞት ምን ይውጠዋል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሌላው አንባቢ እፎይ ብሎ «በእኛ አገር መሬት አይሸጥም» ይል ይሆናል። እውነት ነው። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ተሰልፈዋል። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ከጣና ደሴቶች አንዱን እንደ ኤግ በስሙ የሚያዞር ባለጸጋ አይኖርም። ነገር ግን ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ። መሬቱ ባይሸጥም በላዩ የተሠራው ቤት ይሸጣል፤ ከተማው በሊዝ ይያዛል፤ የውኃ ዳር ይታጠራል። ትናንት ከብት የሚጠጣበትና ልብስ የሚታጠብበት ዳርቻ በአጥር ከተያዘ፣ በወረቀት ላይ መሬቱ የሕዝብ መሆኑ ለእንስራ ተሸካሚዋ ምን ይጠቅማታል?

ስለ ራሳችንም እንናገር። እኛ ደሴት የምንገዛበት ገንዘብ የለንም። ምኞቱ ግን አለን፤ ምኞቱም ዲግሪ ስንይዝ አብሮን ይመረቃል። ከገጠር የመጣን ተማሪዎች በልባችን የምናስበው ቤት ምን ይመስላል? ከፍ ያለ ግንብ አለው፤ የብረት በር አለው፤ ከመንደራችን ዘመድ በማለዳ ከረጢት ተሸክሞ መጥቶ የማያንኳኳበት ቤት ነው። ያ ቤት በአዲስ አበባ መካከል ቢሠራም ደሴት ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እየተባልን ባደግንበት አገር፣ ያስተማረንን ሰው ድምፅ የማንሰማበትን ቦታ የትምህርታችን ሽልማት አድርገን መቍጠር ከጀመርን የተማርነው ምን እንደሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ስንል ማንም ሰው ደሴት ላይ አይኑር፣ የሌላ አገር ሰው አይምጣ ማለታችን አይደለም። በኤግ ደሴቱን ለመግዛት ከታገሉት መካከል ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ መጥተው የሰፈሩ ነበሩ። ልዩነቱ በክረምትም በዚያው መኖራቸው፣ ልጆቻቸውን በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማራቸው፣ ሲታመሙም እንደ ጎረቤታቸው ጀልባ መጠበቃቸው ነው። ስለዚህ ደሴት ላይ ቤት ለሚመኝ ሰው ጥቂት ጥያቄዎች አሉን። ከአንተ በፊት በዚያ ማን ነበር? የምትጠጣው ውኃ ከየት ይመጣል፣ ስትጠጣውስ ለማን ይጎድልበታል? የምትኖርበት ዓመቱን ሙሉ ነው ወይስ በበጋ ሁለት ሳምንት? ቤትህ ተዘግቶ በሚከርምበት ወራት አስተማሪዋ የምትከራየው ቤት ታገኛለች? እነዚህን መልሶ የሚገዛ ሰው ይግዛ፤ እኛም እንኳን ደስ ያለህ እንለዋለን።

ክርክራችን ሲያልቅ ጓደኛችንን «አንተስ ስትመረቅ ወደ ሐይቁ ትመለሳለህ?» ብለን ጠየቅነው። ብዙ ዝም አለና፣ «እኔም እንደ እናንተ ጸጥ ያለ ቤት እፈልጋለሁ» አለን። «እናቴ ግን በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ ስለ ጀልባው ሞተር ነው።» ሞተሩ የሰፈሩ የጋራ ነው አሉ፤ ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል፤ መለዋወጫው ከከተማ መገዛት አለበት።

በማግሥቱ ስምንታችን ያለንን አዋጣን። ገንዘቡ ደሴት አይገዛም፤ መለዋወጫውንም ሙሉ በሙሉ አይገዛም። ሌሎች ክፍሎችም ቢጨምሩበት ግን ይገዛል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ወንድም ወይም እኅት ጸጥታ በሚያምረው ማታ ወደ ክፍላችን ብቅ ይበል። ክፍላችን ጫጫታ የበዛበት ነው፤ መቀመጫ ግን አይጠፋም።